ድህነት የጠበቃቸው ቅጥሮች፦ ከቩርዝቡርግ እስከ አውግስቡርግ በአውቶቡስ

በ1950 ምዕራብ ጀርመን ከጦርነቱ ከወጣች ገና አምስት ዓመቷ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎቹ ትልልቅ ከተሞቿ ፍርስራሽ ነበሩ፤ ስሟም በዓለም ፊት ጠልሽቷል። በዚያ ዓመት የደቡብ ጀርመን ከተሞች ሹማምንትና የቱሪዝም ሰዎች ተሰባስበው፣ ከማይን ወንዝ ዳር ከቩርዝቡርግ ተነስቶ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ እስካለችው እስከ ፉሰን የሚዘልቅ መንገድ ካርታ ላይ አሰመሩ። አዲስ አስፋልት አላነጠፉም፤ አዲስ ድልድይም አልሠሩም። የነበረውን የገጠር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አያይዘው ስም አወጡለት፤ ሮማንቲክ መንገድ አሉት። ዛሬ ርዝመቱ ወደ 460 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች መካከል በአካባቢው የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ይገኙበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚሁ ከተሞች አንዳንዶቹን ከአየር የደበደበው ጦር ሰዎች ማለት ነው።

የመንገዱ ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ውበት ነው። የሸክላ ጣሪያ፣ መስኮት ላይ የተደረደረ አበባ፣ የድንጋይ በር። ውበቱን አልክድም። በአንድ የሐምሌ ቀን በጉብኝት አውቶቡስ የመንገዱን ሰሜናዊ ክፍል ስጓዝ ሲከነክነኝ የዋለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህን ያህል ጦርነት፣ ይህን ያህል ባቡርና ፋብሪካ ባለፈበት አገር እነዚህ ከተሞች ቅጥራቸውን እንደታጠቁ እንዴት ቆዩ? ማን አቆያቸው?

አብራኝ የነበረችው ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት፤ ጀርመንኛውን የምታቃናልኝ እሷ ነች። ሾፌሩ ለጡረታ የተቃረበ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የስም ካርዱን መሪው አካባቢ ካለች ትንሽ ማሽን ውስጥ ሰካ። ታኮግራፍ ትባላለች። ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ መቼ እንደቆመ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ አንድ ሳታስቀር ትመዘግባለች። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ በቀን በመደበኛው ከዘጠኝ ሰዓት በላይ አይነዳም። ከከተማ ውጪ ባለው ተራ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአስጎብኚ ድርጅቶች የቀኑን ጉዞ ሲያቅዱ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ሰዓት ነው። ሮተንቡርግ ላይ ስንት እንቆያለን፣ ዲንክልስቡል ላይ ስንት የሚለውን የሚወስነው የቤተ ክርስቲያኑ ውበት ሳይሆን የሾፌሩ ሕጋዊ ዕረፍት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

መነሻችን ቩርዝቡርግ ውስጥ ያለው ሬዚደንስ የሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። ቩርዝቡርግን ለዘመናት የገዟት ጳጳስም መስፍንም የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ግብርና ጦር። ሥራው በ1720 ሲጀመር ኃላፊነቱ የተሰጠው ለባልታዛር ኖይማን ነው፤ ከመድፈኛ መኮንንነት ወደ ሕንፃ ሥራ የመጣ ሰው። ኖይማን ከዋናው ደረጃ በላይ አንድም ምሰሶ የማይደግፈው ሰፊ ቅስት ጣሪያ ሠራ። በ1752 እና በ1753 የቬኒሱ ሰዓሊ ቲየፖሎ እርጥብ ኖራ ላይ ከ600 ካሬ ሜትር በላይ የሚሆን ሥዕል ሣለበት። ሥዕሉ አራቱን አህጉራት ያሳያል። አውስትራሊያ በዚያን ጊዜ በአውሮፓውያን ሒሳብ ውስጥ አልገባችም።

ደረጃውን ስወጣ ዓይኔ የሄደው ወደ አፍሪካ ነው። በግመል ላይ የተቀመጠች ጥቁር ሴት ናት፤ ዙሪያዋን ነጋዴዎችና ሸቀጥ ሞልቷል። አሜሪካ አዞ ላይ፣ እስያ ዝሆን ላይ ተቀምጠዋል። አውሮፓ ብቻ ዙፋን ላይ ናት። አንድ በሬም አጠገቧ አለ፤ በስሟ የሚነገረውን የግሪኮች ተረት ለማስታወስ። ቲየፖሎ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ቢሆንም የጳጳሱን ገንዘብ የተቀበለ ሰው ማን ከማን በላይ መቀመጥ እንዳለበት አልጠፋውም። ኖይማንንም አልረሳውም፤ በመኮንን ልብሱ መድፍ ላይ ጋደም ብሎ ከአውሮፓ በታች ይታያል።

መጋቢት 16 ቀን 1945 ምሽት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ቩርዝቡርግ ላይ መጡ። ድብደባው የወሰደው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከአሮጌው ከተማ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ወደመ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ቤተ መንግሥቱም ተቃጠለ። የኖይማን ቅስት ግን ቆመ። ከሱ በላይ የነበረው የእንጨት ጣሪያ ነዶ ስላለቀ ሥዕሉ ለዝናብ ተጋለጠ። ጆን ስኪልተን የሚባል አሜሪካዊ፣ በጦሩ ውስጥ ቅርስ እንዲጠብቁ ከተመደቡት መኮንኖች አንዱ፣ ሕዝቡ መጠለያ ባጣበት በዚያ ወቅት ግንድ አፈላልጎ፣ መሰንጠቂያ አግኝቶ ጊዜያዊ ጣሪያ አሠራ። ዛሬ አንገታችንን አቅንተን የምናየው ሥዕል የተረፈው በዚያ ሰው ጥረት ነው። የቀረው ሕንፃ ጥገና ያለቀው በ1987 ነው፤ አርባ ዓመት ፈጀ። የመስተዋት አዳራሹን የመሰሉ ክፍሎች ከፎቶግራፍና ከቁርጥራጭ እንደገና የተሠሩ ናቸው። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር አልደበቀችም፤ እንዲያውም ኮራ ብላ ነው የተናገረችው።

የአክስቴ ልጅ ስንወጣ እንዲህ አለችኝ፤ «እዚህ አገር አሮጌ ነገር ርካሽ አይምሰልህ። ከአዲሱ ይበልጣል ዋጋው።»

ከቩርዝቡርግ ወደ ደቡብ ስንወርድ የወይን ተክሉ እየቀረ ስንዴና ገብስ እየሰፋ ይሄዳል። ቡናማው የመንገድ ምልክት ላይ ከጀርመንኛው ሥር የጃፓንኛ ጽሑፍ አለ። የጃፓን ጎብኚ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን መንገድ እንደ ራሱ ስለወደደው ነው፤ ጃፓን ውስጥም የዚህ መንገድ እህት ተብሎ የተሰየመ አለ።

ሮተንቡርግ የደረስነው እኩለ ቀን ሳይሆን ነው። ከተማዋ ከታውበር ወንዝ በላይ ካለ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። አውቶቡስ በበሯ አይገባም። በሮቹ የተለኩት ለጋሪ ስለሆነ አውቶቡሶች ከቅጥሩ ውጪ በተዘጋጀው ሰፊ ማቆሚያ ይደረደራሉ። እኛ ስንደርስ የሌላ አገር ሰሌዳ ያላቸው ብዙ አውቶቡሶች ቀድመውናል። ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል፤ የእኛውም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ዳቦውን አወጣ። እሱ ከተማዋን ለማየት አልወረደም።

ሮተንቡርግ ከ1274 ጀምሮ ነጻ ከተማ ነበረች። ይህ ማለት በላይዋ መስፍንም ጳጳስም የለም፤ ተጠሪነቷ በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ቅጥሩን የገነባው፣ ማማውን ያቆመው፣ በዘበኛ ያስጠበቀው ከንግድ የሚገኘው ገንዘብ ነው። በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገንዘቡን ጣዕም ማየት ይቻላል፤ ቲልማን ሪመንሽናይደር ከ1501 እስከ 1505 ባለው ጊዜ ከሊንደን እንጨት የቀረጸው መንበር አለ። የመጨረሻው እራት ነው። ከሌሎች ሠዓሊዎችና ቀራጮች በተለየ መሐል ላይ የቆመው ይሁዳ ነው፤ ክርስቶስ ቁራሹን ለሱ ሲዘረጋ። ቀለም አልተቀባም፤ የልብሱ እጥፋት፣ የጣቶቹ ሥር ሁሉ እንጨቱ በራሱ ያወጣው ይመስላል። ሪመንሽናይደር የቩርዝቡርግ ከንቲባም ነበር። በ1525 ገበሬዎች ሲያምጹ የከተማው ምክር ቤት ለጳጳሱ ስል በገበሬዎቹ ላይ ጦር አላነሳም ብሎ ወደ ገበሬው ወገን አዘነበለ። አመጹ ሲደፈጠጥ ቀራጩ ታሰረ፤ ተሰቃየ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ረሳው ማለት ይቻላል፤ ሥራው እንደገና የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ጊዜ ያላችሁ እንደሆነ ሌላውን ትታችሁ እዚህ ቁሙ።

ሕዝቡ ግን የሚሰበሰበው አደባባዩ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲደወል በምክር ቤቱ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት መስኮቶች ይከፈታሉ፤ በአንዱ የጦር አዛዥ፣ በሌላው ትልቅ ዋንጫ ወደ አፉ የሚያነሳ ሽማግሌ ይወጣል። ታሪኩ የ1631 ነው። የካቶሊኮቹ ጄኔራል ቲሊ ከተማዋን ያዘና ሊያጠፋት ቆረጠ። ሦስት ሊትር ከሩብ የሚይዝ የወይን ጠጅ ዋንጫ ቀረበለት፤ ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ካለ እምራችኋለሁ አለ። የቀድሞው ከንቲባ ኑሽ አንስቶ ጨለጠው፤ ከተማዋ ተረፈች። ቲሊ ከተማዋን መያዙ እውነት ነው። ዋንጫው ግን ተረት ነው። ተረቱን ለመድረክ ያበቃው አዳም ኸርበር የሚባል የከተማዋ መስታወት ሠሪ ሲሆን ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው በ1881 ነው። የግድግዳው ሰዓት ደግሞ ገና በ1910 ተተከለ። ከ1881 ወዲህ ማን ተጠቀመ ብትሉ የሆቴል ባለቤቶች ናቸው።

እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይከብዳል። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (ከ1618 እስከ 1648) ካቶሊክና ፕሮቴስታንት፣ ንጉሥና መስፍን፣ ስዊድንና ፈረንሳይ ሁሉ የገቡበት እልቂት ነበር። በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድም አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን አውጀው ያስነሱት ደም መፋሰስ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲለደስ በመልቀቅ ተቋጨ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን የዚያን ዘመን ዘመቻ ታውበር ወንዝ ዳርም ጣና ዳርም ነበር። ሮተንቡርግ ጦርነቱን በቃጠሎ አልጨረሰችም፤ በካሣ፣ በግብር፣ በሠራዊት ቀለብ ተራቆተች። ከዚያ በኋላ ንግዱ ወደ አትላንቲክ ወደቦች ዞረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጻነቷን አጥታ ከባቫሪያ ትናንሽ ከተሞች አንዷ ሆነች። ትልቁ የባቡር መስመር በሌላ በኩል አለፈ።

የእኔ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሀብታሞቹ ከተሞች፣ እነ ቪየና፣ እነ ፍራንክፈርት፣ እነ ላይፕሲግ፣ ቅጥራቸውን አፍርሰው በቦታው ሰፋፊ ጎዳና ዘረጉ፤ አሮጌ ቤት አፍርሰው ባለ አምስት ፎቅ ገነቡ። ሮተንቡርግና ጎረቤቶቿ ለማፍረሻም ለመገንቢያም ገንዘብ አልነበራቸውም። ያባት ቤት ሲያፈስ ክዳኑን ጠግኖ እዚያው መኖር ነው። ሁለት መቶ ዓመት እንዲህ ከቆዩ በኋላ ሰዓሊዎች መጡ፤ ቀጥሎ ጎብኚ መጣ። ያን ጊዜ ድህነቱ ሀብት ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሮተንቡርግን ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ጀርመናዊቷ አድርገው አነሷት። የሠራተኛው መዝናኛ ድርጅታቸው፣ ክራፍት ዱርኽ ፍሮይደ፣ በአውቶቡስና በባቡር ጎብኚ አጎረፈባት፤ ማስታወቂያና የብረት ምልክቶች ከየግድግዳው ወርደው ከተማዋ ለዚያ ምስል ተስተካከለች። በጥቅምት 1938፣ በመላ አገሪቱ ምኩራቦች ከመቃጠላቸው ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የቀሩት ጥቂት አይሁዶች ከከተማዋ ተባረሩ። ታላቁ ረቢ ሜየር በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩባት ከተማ ናት። በአሮጌ ከተማ ውስጥ ንጽሕናን የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ ሰው ወደ ማጽዳት እንደሚሄድ እዚህ በግልጽ ይታያል።

መጋቢት 31 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሌላ ቦታ የሚገኝ የነዳጅ ማከማቻ ሊመቱ ወጥተው በደመና ምክንያት ኢላማቸው ሲሰወርባቸው ቦምባቸውን ሮተንቡርግ ላይ ጣሉት። የአሮጌው ከተማ 40 በመቶ ያህል ወደመ፤ ከቅጥሩም 700 ሜትር የሚበልጥ ፈረሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአሜሪካ እግረኛ ጦር ሲቃረብ መድፉ ቀሪውን ሊጨርሰው ነበር። በዋሽንግተን የጦር ሚኒስቴር ምክትል የነበረው ጆን መክሎይ እናቱ ከተማዋን ጎብኝተው ስለነበር ስሟን ያውቃል፤ በመድፍ እንዳትመታ ጠየቀ። በውስጥ ያለው የጀርመን አዛዥም እስከ መጨረሻው ተዋጋ የሚለውን የሂትለር ትእዛዝ ጥሶ ከተማዋን አስረከበ።

ስለዚህ ዛሬ ፎቶ የሚነሳው ምሥራቃዊ ሰፈር ዕድሜው ከአያቶቻችን ያነሰ ነው። ቅጥሩ ላይ ወጥታችሁ በእንጨት ክዳኑ ሥር ስትሄዱ ድንጋዮቹ ላይ ስም ተቀርጿል፤ ለጥገናው ገንዘብ ያዋጡ ሰዎችና ድርጅቶች ናቸው፤ አሜሪካውያን፣ ጃፓናውያን፣ ከየአገሩ። የመካከለኛው ዘመን ቅጥር በውጭ አገር ሰው መዋጮ ቆሟል። በበኩሌ ከተማዋ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የወደድኩት እነዚያን ስሞች ነው፤ ቢያንስ ምንም አይዋሹም።

ስለቀረው ሮተንቡርግ ምን ልበል? ዓመቱን ሙሉ የገና ጌጥ የሚሸጥ ሱቅ አለ። በዱቄት ስኳር የተነሰነሰ፣ ሽኔባል የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ በየመስኮቱ ተቆልሏል፤ አንዱን ጨርሼ ሁለተኛ አልገዛሁም። 11 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ በበጋ ቀን የምታስተናግደው ጎብኚ ነዋሪዋን ያስንቃል። ሥጋ ቤትና ቡቲክ ፈልጋችሁ ዙሩ፤ የምታገኙት ማስታወሻ ዕቃ ነው። ከተማዋ ያለ አውቶቡስ አትኖርም፤ በአውቶቡስ ደግሞ ትታነቃለች።

ዲንክልስቡል ስንደርስ ድምፁ ቀነሰ። በቨርኒትስ ወንዝ ዳር ያለችው ይህች ከተማ ቅጥሯም አራቱ በሮቿም ሙሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ጦርነት ሳይነካት አለፈ ማለት ይቻላል። በ1826 የባቫሪያው ንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ የከተማ ቅጥር እንዳይፈርስ አዘዘ። ድህነት የጠበቀውን ከዚያ ወዲያ ሕግ ጠበቀው። ዛሬ በመብራት የሚያበራ ማስታወቂያ አይሰቀልም፤ የሱቅ ስም ግድግዳው ላይ በእጅ ይጻፋል፤ ባንኩም ፋርማሲውም እንደዚያው።

እዚህ እንደ ሮተንቡርግ ሁሉ የራሷ መዳን ተረት አለ። በ1632 ስዊድናውያን ሲከቧት ሕፃናት ወጥተው አዛዡን ለምነው አራሩት ይላል፤ በየዓመቱ በሐምሌ የከተማው ልጆች የዘመኑን ልብስ ለብሰው ያሳዩታል። እኔን ያቆመኝ ግን ከተረቱ ይልቅ የምክር ቤቱ ታሪክ ነው። ከ1648ቱ ሰላም በኋላ ዲንክልስቡል፣ እንደ አውግስቡርግና እንደ ሌሎች ሁለት ከተሞች፣ ሹመትን ሁሉ ለካቶሊክና ለፕሮቴስታንት እኩል እንድታካፍል ተደነገገ። የምክር ቤት ወንበር ከካቶሊክ አንድ፣ ከፕሮቴስታንት አንድ። ሠላሳ ዓመት ሲተራረዱ የነበሩ ሰዎች ማን ስንት ወንበር እንደሚይዝ በወረቀት ቆጥረው ተቀመጡ። ፍቅር አልነበረም፤ መካሰሱም አልቀረም። ግን ከተሞቹ ነጻነታቸውን እስካጡበት ጊዜ ድረስ በዚያ ሕግ ኖሩ።

ከዲንክልስቡል ወደ ደቡብ መንገዱ ጥቂት ከወጣ በኋላ ድንገት ሰፌድ የመሰለ ክብ ሜዳ ፊት ለፊት ይዘረጋል። ሪስ ይባላል። ዳርና ዳሩ በኮረብታ የታጠረ፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የእርሻ መሬት ነው። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው ሲሉ ኖሩ። በ1960 አሜሪካዊው የመሬት ተመራማሪ ዩጂን ሹሜከር ከባልደረባው ከኤድዋርድ ቻው ጋር ከአካባቢው በተወሰደ ድንጋይ ውስጥ ኮይሳይት አገኙ። ይህ ማዕድን የሚፈጠረው ተራ እሳተ ገሞራ ሊያመጣው በማይችል ግፊት ነው። ያ ጉድጓድ የተቆፈረው የዛሬ 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሰማይ በወረደ፣ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር በሚደርስ አለት መሆኑ ታወቀ። በ1970 የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የሚጠብቃቸውን ዓይነት ድንጋይ ለይተው እንዲያውቁ እዚህ መጥተው ተለማምደዋል።

ኖርድሊንገን የተቀመጠችው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ የተገነባው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ግድግዳው ስዌቪት ከሚባል፣ በዚያ ግጭት ከቀለጠና ከተፈጨ ድንጋይ ነው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ፣ ለጌጥ የማይሆኑ ጥቃቅን አልማዞች አሉ። ግንበኞቹ ይህን አላወቁም፤ ለመጥረብ የሚመች፣ ከቅርብ የሚገኝ ድንጋይ መሆኑ ብቻ በቃቸው።

ዳንኤል የሚሉትን 90 ሜትር ማማ ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ጉልበቷን አሳብባ ከታች ቀረች። ደረጃው ከድንጋይ ወደ እንጨት ይለወጣል፤ ከላይ የማማው ጠባቂ ክፍል አለ። እስከ ዛሬ ማታ ማታ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ከዚያ ሆኖ ወደ ከተማው ይጣራል። ከላይ ሲታይ ከተማዋ ክብ ናት። መሐል ላይ ሌላ ክብ አለ፤ የ13ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያው ቅጥር የቆመበት መስመር ሲሆን ዛሬ ጎዳና ሆኗል። ከተማዋ ስትሰፋ፣ ከ1327 ጀምሮ፣ ሁለተኛው ቅጥር ተሠራ። 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳይቋረጥ፣ ከክዳን ሥር ሳይወጡ፣ ዙሪያውን በእግር መሄድ ይቻላል። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ሙሉ የሆነ ሌላ የለም።

ወርጄ ከቅጥሩ የተወሰነውን ዞርኩ። ከውስጥ በኩል ቅጥሩን የተጠጉ ትናንሽ ቤቶች አሉ። ደሃው ሰው አንድ ግድግዳ ለማትረፍ ከከተማው ቅጥር ጋር አጣብቆ የሠራቸው ናቸው። ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴትዮ ቲማቲም ውኃ ታጠጣለች። ሁለት ልጆች በብስክሌት አንዱን በር አልፈው ወጡ። ለኔ ከቀኑ ከተሞች ሁሉ ኖርድሊንገን በለጠችብኝ፤ ሰው እየኖረባት ስለሆነ።

ሃርቡርግን በመስኮት አየናት፤ ገደል ላይ ያለው ግንቧ ከመንገዱ በላይ ለአፍታ ታይቶ ይሰወራል። ዶናውቨርት ላይም አልቆምንም፤ የሾፌሩ ሰዓት አይፈቅድም። ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በ1606 እዚህ ካቶሊኮች ሰንደቅና መስቀል ይዘው ሲዞሩ ፕሮቴስታንቶች ደበደቧቸው። ከተማዋ በንጉሠ ነገሥቱ ውሳኔ ተወገዘች፤ የባቫሪያው መስፍን ማክሲሚልያን ጦር አስገብቶ ያዛት፤ ወዲያው ለራሱ አስቀራት። የሁለቱ ወገኖች መሳፍንት በየፊናቸው የጦር ማኅበር አቋቋሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ የፈነዳው ጦርነት ቀድሞ የሸተተው በዚህች የዳኑብ ዳር ከተማ ነው።

አውግስቡርግ ግን ከእነዚህ ጋር አትቆጠርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት ገደማ በሮማውያን የተቆረቆረች፣ ዛሬ ወደ ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ናት። የመጣነው አንድ ቦታ ለማየት ነው፤ ፉገራይ።

ያዕቆብ ፉገር በዘመኑ ከአውሮፓ ሀብታሞች ሁሉ የበለጠ ነበር። የብርና የመዳብ ማዕድን፣ ጨርቅ፣ ከሁሉም በላይ ለነገሥታት ብድር። በ1519 ቻርልስ አምስተኛ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ እንዲመረጥ ለመራጮቹ ከተከፈለው ጉቦ ከግማሽ በላዩን ያበደረው እሱ ነው። በ1521 ለድኾች የአውግስቡርግ ሰዎች የመኖሪያ ሠፈር አቋቋመ፤ በቅጥር የታጠረ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያንና በሮች ያሉት፣ ባለ አንድ ፎቅ ረድፍ ረድፍ ቢጫ ቤቶች። እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ 150 ያህል ሰው። የዓመቱ ኪራይ ያኔ አንድ የራይን ጉልደን ነበር፤ ዛሬ ተመንዝሮ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው። በወር አይደለም፣ በዓመት። ማሞቂያውን ተከራዩ ይችላል። ከዚህ ሌላ ያለበት ግዴታ ለፉገር ቤተሰብ ነፍስ በቀን ሦስት ጸሎት ማድረስ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ አምሽቶ የመጣ ነዋሪ ለበረኛው ሃምሳ ሳንቲም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ አንድ ዩሮ ይከፍላል። የሞዛርት ቅድመ አያት፣ ግንበኛው ፍራንዝ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እዚህ ኖሯል።

የዚሁ የፉገር ባንክ ለማይንዙ ሊቀ ጳጳስ ሹመቱን እንዲገዛ ያበደረውን ገንዘብ ለማስመለስ፣ ጀርመን ውስጥ የኃጢአት ስርየት ወረቀት ሲሸጥ ከገቢው እኩሌታውን ይሰበስብ ነበር። ሉተር በ1517 የተነሳው በዚያ ሽያጭ ላይ ነው። በዓመቱ እምነትህን ካድ ተብሎ የተጠየቀውም አውግስቡርግ ውስጥ፣ በፉገር ቤት ነው። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ በ1555 በዚሁ ከተማ በስምምነት የተዘጋ መሰለ፤ በ1618 እንደገና ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ ያየኋቸው ከተሞች የደኸዩበት ጦርነት መነሻው ብዙ ነው፤ አንዱ ክር ግን ለድኾች ቤት ወደ ሠራው ሰው የሒሳብ መዝገብ ይመራል።

በየካቲት 1944 የቦምብ ድብደባ ፉገራይም ወደመ። የቤተሰቡ መሪዎች በቀናት ውስጥ መልሰው ለመሥራት ወሰኑ። የዛሬው ወጪ የሚሸፈነው በዋናነት ከቤተሰቡ የበጎ አድራጎት ተቋም የደን ገቢና ከጎብኚ ትኬት ነው። ትኬቱ የብዙ ዓመት የነዋሪ ኪራይ ይሆናል፤ የአክስቴ ልጅ በስልኳ ካባዛች በኋላ ለትኬት ቆራጩ ቤት ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችው። የአውግስቡርግ ነዋሪ መሆን፣ ካቶሊክ መሆን፣ ችግረኛ መሆን፣ አላት በጣቱ እየቆጠረ።

«ሦስተኛውን ብቻ ይዤ ብመጣስ?» አለችው።

የምር መስሎት ይሁን ቀልዷ ገብቶት፣ ሳይስቅ፣ ተራው ራሱ የዓመታት እንደሆነና ማመልከቻው የሚገባው ቢሮ ነገ ጠዋት እንደሚከፈት ነገራት።